ምዕራፍ ሰባት፦ መፋቂያው በማን እጅ ነው?

ጥርስ ዕድሜ ስለበዛበት ብቻ አይረግፍም። በእርጅና የሚወልቀው ድዱ ታሞ ስለላላ፣ ሥሩ ስለተበላ፣ አለዚያም ሕመሙን ከመንቀል በቀር የሚያስታግስ ሰው ስላልተገኘ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ 60 ዓመት ከሞላቸው የዓለም ሰዎች ውስጥ አንድም ጥርስ የሌላቸው 23 በመቶ ያህሉ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ይብዛም ይነስ ጥርስ ይዘው ነው የሚያረጁት። ስለዚህ የአረጋውያን የአፍ ጤና ጉዳይ የድዳም ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በአፍ ውስጥ የቀረውን ጥርስ ማን ይጠብቀዋል የሚል ጥያቄ ነው።

ስለ ልጆች ጥርስ በሚያወሳው በሦስተኛው ምዕራፍ፣ ብሩሹ ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ከወላጅ እጅ ባይወጣ እንደሚመረጥ ተገልጿል። ከዚያ በኋላ ብሩሹ ወይም መፋቂያው ለስድሳና ለሰባ ዓመት በባለቤቱ እጅ ይቆያል። በመጨረሻ ግን የብዙ ሰው እጅ ይደክማል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ጣት አልታጠፍ ይላል፣ ዓይን ይፈዛል፣ ወይም ሰውየው ጥርሱን መፋቁን ይረሳል። ያኔ መፋቂያው እንደገና ወደ ሌላ ሰው እጅ መሻገር ይኖርበታል። የልጅነቱን ርክክብ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል፤ የእርጅናውን ግን የሚያስታውቅ የለም። የአንድን የ80 ዓመት ሰው አፍ ሁኔታ ለመገመትም ዕድሜያቸውን ከመጠየቅ ይልቅ ከማን ጋር እንደሚኖሩ መጠየቅ የተሻለ ፍንጭ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ምርጊትና ዝናብ

የጭቃ ቤት በየክረምቱ ይታጠባል። ዝናቡ ምርጊቱን በጥቂት በጥቂቱ ይወስደዋል፤ ባለቤቱ በበጋ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጦ፣ አቡክቶ እንደገና ይመርገዋል። ቤቱ ለሠላሳ ዓመት የሚቆመው ዝናብ ስለማይነካው ሳይሆን የታጠበውን ያህል ስለሚመረግ ነው።

ጥርስም የሚኖረው እንዲሁ ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ስኳርና ዱቄት ነክ ምግብ ሲያገኙ አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ ከጥርሱ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት የተባሉ ማዕድናትን ያጥባል። የሚመርገው ደግሞ ምራቅ ነው፤ አሲዱን ያረክሳል፣ የታጠበውን ማዕድን መልሶ ይለጥፋል። በጤናማ ሰው አፍ ውስጥ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ይመነጫል። ብሩሽና መፋቂያ የሚያግዙት ተሕዋስያኑ ተጋግረው የሚኖሩበትን ለስላሳ ነጭ ቆሻሻ በየዕለቱ በማንሳት ነው።

እርጅና ይህን ሚዛን በሁለት በኩል ያዛባዋል። አንደኛው ከግድግዳው በኩል ነው። በአራተኛው ምዕራፍ እንደታየው የድድ በሽታ፣ አንዳንዴም ለዓመታት በኃይል መፋቅ፣ ድዱን ያሸሸዋል፤ የጥርሱም ሥር ይገለጣል። ከላይ ያለው ነጭ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ በሰውነት ውስጥ ካለ ነገር ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ሥሩ ግን ይህ ሽፋን የለውም። በአሲድ መለኪያ፣ ፒኤች በሚባለው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው መለኪያው ወደ 5.5 ሲወርድ ነው፤ የተራቆተ ሥር ግን ገና ከ6 በላይ ሳለ ይጀምራል። ምርጊቱ ከመሠረቱ አካባቢ የተነሳ ቤት ዝናቡ በቀጥታ እንጨቱን ያገኘዋል። በአረጋውያን ዘንድ ጥርስ ከላይ ደህና መስሎ በድዱ ጥግ ዙሪያውን ቡናማ ሆኖ ተበልቶ የሚገኘው፣ አንዳንዴም ቁራሽ ዳቦ ሲነከስ ቀጭ ብሎ ከአንገቱ የሚሰበረው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው ከመራጊው በኩል ነው። የአረጋውያን አፍ መድረቅ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዕድሜ ሳይሆን ከመድኃኒት ነው። ለደም ግፊት የሚሰጡ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች፣ የድብርት፣ የአለርጂ፣ ሽንት ለመቋጠር የሚሰጡ ክኒኖች፣ ሌሎችም በመቶዎች የሚቆጠሩ መድኃኒቶች ምራቅን ይቀንሳሉ። አንዱ ብቻውን ጥቂት ሲያደርቅ አራት አምስቱ ተደማምረው አፉን ጭው ያለ በረሃ ያደርጉታል። ደረቅ ዳቦ ያለ ሻይ አልወርድ ማለቱ፣ ሌሊት ለውሃ መነሳቱ፣ ሲናገሩ ከንፈር ከጥርስ ጋር መጣበቁ ምልክቶቹ ናቸው። መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ከጥርስ መበላት የከፋ አደጋ ያመጣል። መድኃኒቱ ይለወጥ ወይም መጠኑ ይቀነስ እንደሆነ ግን ያዘዘውን ሐኪም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህ ጥያቄ የሚነሳው ደግሞ ከስንት አንዴ ነው።

ሦስት ስኒ

ጣፋጭ ነገር አፍ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሲዱ ይበረታል፤ ምራቅ መልሶ እስኪያረክሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ድግግሞሹ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የቡና ሥርዓት ይህን ግልጽ አድርጎ ያሳያል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በስኳር ሲጠጡ፣ ከአንዱ ስኒ በኋላ አፍ ማገገም ሲጀምር ሁለተኛው ይደርሳል፤ ሁለተኛው ሳይረክስ ሦስተኛው ይቀዳል። ወግ ደርቶ ቡናው ሁለት ሰዓት ከፈጀ ጥርሱም ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቡናን በጨው ወይም በቅቤ መጠጣት ለጥርስ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም፤ ሌላ ጣጣ ቢኖረው የደም ግፊት ሐኪሙ ይጠየቅበት። ስኳር ለለመዱም ቢሆን ስኳሩን በአቦሉ ላይ ብቻ አድርጎ ቀሪዎቹን መራራ መጠጣት፣ ወይም ከበረካ በኋላ ውሃ መጉመጥመጥ ብዙ ይረዳል። ከቡናው የባሰው ፔርሙስ ሙሉ ጣፋጭ ሻይ አጠገብ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ መጎንጨት ነው፤ አፉ የደረቀ ሰው ደግሞ ይህን ማድረጉ አይቀርም።

ብቻን መኖር

ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አንድ ዓይነት አይደሉም። በከተማ ጡረታቸውን ተቀብለው በአንዲት ክፍል የሚኖሩ አሉ፤ ልጆቻቸው ከተማ የገቡባቸው የገጠር ባልቴቶች አሉ፤ ቆብ ደፍተው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ጎጆ የቀለሱ መነኮሳይያትም አሉ። አንድ የሚያደርጋቸው አፋቸውን የሚያይላቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው የአፉ ሽታ መለወጡን የሚነግረው የለም፤ በአንድ ጎን ብቻ ማላመጥ መጀመሩንም የሚታዘብ የለም።

መጀመሪያ የሚለወጠው ምግቡ ነው። ቆሎው ይቀራል፣ ከዚያ ሥጋው፣ ከዚያ ጥሬ ካሮቱና ጎመኑ። የሚቀረው በሻይ የራሰ ዳቦ፣ ፍትፍትና አጥሚት ነው። ጃፓኖች እንደልብ ማኘክ የሚቻልበትንና የማይቻልበትን መስመር በቁጥር አስምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጤና ሚኒስቴራቸውና የጥርስ ሐኪሞች ማኅበራቸው «8020» የተባለ ዘመቻ ጀመሩ፤ ትርጉሙም በ80 ዓመት ዕድሜ 20 የራስ ጥርስ ይዞ መገኘት ነው። ሃያ የተባለው ከ32ቱ ጥርሶች ያን ያህሉ ከቀሩ አብዛኛውን ምግብ እንደልብ ማኘክ ስለሚቻል ነው። ዘመቻው ሲጀመር ግቡ ላይ የደረሰው አረጋዊ ከአሥሩ አንዱን እንኳ አይሞላም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገሪቱ ጥናት ከግማሽ በላይ ሆኖ ተገኘ። የአንድ ትውልድ አፍ በ27 ዓመት ውስጥ እንዲህ ከተለወጠ፣ ጥርስ ማጣትን የዕድሜ ዕጣ አድርጎ መቁጠር ያስቸግራል።

ብቻውን ለሚኖር ሰው መፋቂያው አሁንም በራሱ እጅ ነው፤ ሊታገዝ የሚችለውም መሣሪያው ነው። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በደንብ ከሠሩበት ከብሩሽ የማያንስ ሥራ ይሠራል። ሦስት ጉድለቶች ግን አሉት፤ ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ የለውም፣ ከኋላ መንጋጋና ከጥርስ ውስጠኛ ገጽ ለመድረስ ያስቸግራል፣ ጫፉን ብሩሽ ለማድረግ ደግሞ ማኘክ ይጠይቃል። የፊት ጥርሳቸውን ላጡ ሰው ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጦ፣ በውሃ ዘፍዝፎ ማለስለስ ይቻላል። ብሩሽ ለሚጠቀሙና ጣታቸው ለማይታጠፍ ደግሞ እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር፣ ወይም የብስክሌት መሪ ላስቲክ ማልበስ ጭብጡን ያቀለዋል። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል፤ ከተፋቁ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውሃ አለመጉመጥመጥ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ እንዲቆይ ያደርጋል።

ከልጅ ቤት

ጧሪ ያለው አረጋዊ ከሌለው ይሻላል ተብሎ ይታመናል፤ በምግብና በመድኃኒት በኩል እውነት ነው። በአፍ በኩል ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንደዚያ አይሆንም። በቤቱ ሰው ሞልቶ መፋቂያውን የተረከበ ላይኖር ይችላል።

ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ ክብር ነው። የአባትን እግር ማጠብ ያስመርቃል። ለእናት ማጉረስ ፍቅር ነው። የአባትን አፍ አስከፍቶ ጥርስ ማጽዳት ግን ለልጁ ድፍረት፣ ለአባቱም እንደ ሕፃን መቆጠር ይመስላል። ነገር ግን ጉርሻ የሚቀበል አፍ ለልጅ እጅ እንግዳ አይደለም። ያጎረሰ እጅ ከምግቡ በኋላ የተረፈውን ቢያነሳ ያንኑ ሥራ ጨረሰ እንጂ ሌላ ነውር አልሠራም። «አባባ፣ አፍዎን ላጽዳልዎት» የሚለው ጥያቄ «እግርዎን ልጠብዎት» ከሚለው ጋር አንድ ወግ ቢሰጠው ብዙ ነገር በቀለለ ነበር።

ሌላው እንቅፋት ከአረጋዊው በኩል ይመጣል። ልጆቹን ማስቸገርና ማስወጣት የማይፈልግ ሰው ጥርሱ እያመመውም «ደህና ነኝ» ይላል። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ሆድ እያዘነ ስለሚስቅ ነው፤ እዚህ ላይ ራሱ የታመመው ጥርስ ስቆ ሕመሙን ይደብቃል። ስለዚህ ቃሉን ከመጠበቅ ሁኔታውን መመልከት ይሻላል፤ ምግቡን ቀዝቅዞ ካልሆነ አለመንካት፣ ጉንጭን በእጅ መደገፍ፣ ይወዱት የነበረውን ድንገት መጥላት፣ ሰው ሠራሹን ጥርስ አውጥቶ አልመልስም ማለት። የመርሳት በሽታ በያዘው ሰው ላይ የጥርስ ሕመም በቁጣ ወይም እንቅልፍ በማጣት ብቻ ሊገለጥ ይችላል።

በከተማ ቤቶች አረጋዊውን ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው በአብዛኛው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ልጆቹ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንድትሰጥ ያሳዩአታል፤ ጥርሱን ግን የሚያነሳላት የለም፤ ያልታዘዘችውንም በራሷ አትደፍርም።

በመጦሪያ ቤት

አንድ ሠራተኛ በጠዋት ብዙ ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስና መመገብ ሲኖርበት፣ ከሥራው ሁሉ ሳይታወቅ ሊዘለል የሚችለው የአፍ ጽዳት ነው። ያልታጠበ ልብስ ይታያል፤ ያልተፋቀ ጥርስ አፍ ከተዘጋ አይታይም። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ የእንክብካቤ ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ከታዩት መጦሪያ ቤቶች 52 በመቶው የነዋሪዎችን የአፍ ጤና የሚመለከት መመሪያ አልነበራቸውም። በኢትዮጵያ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት የሚቀበሏቸው ደግሞ ከጎዳና የተነሱ፣ ብዙዎቹም ለዓመታት ሐኪም ያላያቸው ሰዎች ናቸው፤ የአፋቸው ታሪክ የሚጀምረው ከመጦሪያው በር ብዙ ቀድሞ ነው።

የአፍ ንጽሕና እዚህ ላይ ከጥርስም ያልፋል። በጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ሮቶ ካልታጠበ ከቧንቧው ንጹሕ ውሃ አይጠበቅም። አፍ ሮቶው፣ ሳንባ ቧንቧው ነው። የመዋጥ አቅሙ የደከመ ሰው፣ በተለይም ስትሮክ የመታው፣ ሲመገብ ብቻ ሳይሆን ተኝቶም ምራቁ ትን እያለ ወደ ሳንባው ይወርዳል። ምራቁ ከቆሸሸ አፍ ከሆነ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። በጃፓን በ11 መጦሪያ ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ይህን ፈትሿል። ለሁለት ዓመት ሠራተኞች ከምግብ በኋላ አፋቸውን ካጸዱላቸው አረጋውያን 11 በመቶው በሳንባ ምች ሲያዙ፣ እንደ ወትሮው ከተተዉት 19 በመቶው ተያዙ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ኮነቲከት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትልቅ ሙከራ ግን፣ ብሩሽን ከተሕዋስያን ማጥፊያ ጉምጥማጭና ቀና ብሎ ከመመገብ ጋር አጣምሮ የሳንባ ምችን መቀነስ አልቻለም። ስለዚህ የአፍ ጽዳት ለሳንባ ምች ሁነኛ መከላከያ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ለጥርሱ፣ ለድዱና ለሰውየው ምቾት አስፈላጊ መሆኑን ግን የሚያጠራጥር ነገር የለም።

የሌላን ሰው ጥርስ ማጽዳት መማር የሚገባው ሥራ ነው። አረጋዊው ቁጭ ብለው፣ አገጫቸውን ወደ ደረት ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንገት ወደ ኋላ ከተቀለበሰ ውሃው ትን ይላል። ሠራተኛው ፊት ለፊት ከመገተር ይልቅ ከጎን ወይም ከኋላ ይቆማል፤ በአንድ እጁ አገጩን ይደግፋል፣ በአንድ ጣቱ ጉንጩን ከጥርሱ ገለጥ ያደርጋል። ለስላሳው ብሩሽ ድድና ጥርስ ከሚገናኙበት ላይ ሰያፍ ተይዞ ባለበት በትንሹ ይንቀሳቀሳል። ድዱ ቢደማ ሥራው አይቆምም፤ መድማቱ አብዛኛውን ጊዜ ያልጸዳ ቦታ ስለሆነ ነው። መትፋት ለማይችሉ ሳሙናው ያነሰ፣ አረፋውም በጨርቅ የሚጠረግ ይሆናል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰው ሲቆጡ በግድ አፍ መክፈት አይገባም። ብሩሹን በራሳቸው እጅ አስይዞ የሠራተኛውን እጅ በላዩ ማድረግ፣ ወይም ሁለተኛ ብሩሽ ማስያዝ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ አእምሮ የረሳውን እጅ ያስታውሰዋል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የራሱ ሥርዓት አለው። ሲታጠብ ከሥሩ ውሃ የያዘ ሳፋ ወይም ፎጣ ይደረጋል፤ ከእጅ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ይሰበራል። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል፣ የጥርስ ሳሙናም ይፍቀዋል፤ ተራ የእጅ ሳሙና ይበቃዋል። ሌሊት ወልቆ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ያድራል። ለብሰውት የሚያድሩ ሰዎች ድዳቸው በፈንገስ ይቀላል፤ ከ85 ዓመት በላይ በሆኑ ጃፓናውያን ላይ የተደረገ ጥናትም ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚያድሩት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል፤ ስም። ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት ጥርሶች አንድ ሳፋ ውስጥ ከታጠቡ የማን የማን እንደሆኑ መለየት ከባድ ነው፤ የሌላ ሰው ጥርስ የገባበት አፍ ደግሞ ይቆስላል።

ሰው አገር ማርጀት

ልጆቻቸውን ተከትለው አሜሪካ የገቡ አረጋውያን ከሚያስገርሟቸው ነገሮች አንዱ፣ ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚከፍለው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ለተለመደው የጥርስ ሕክምናና ለሰው ሠራሽ ጥርስ አለመክፈሉ ነው። መድኑ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲደነገግ ጥርስን ወደ ጎን ትቶ ነው የተነሳው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተዘጋጀው ሜዲኬይድ የሚሰጠው የጥርስ ሽፋንም ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ አገሩ አንድ ሆኖ የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ድዱን ይወስናል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2019፣ 75 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች የጥርስ ሕክምና በመደበኛው የጤና መድን ውስጥ አስገብታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በጉልምስና የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ዛሬ በዚህ ዕድሜ አካባቢ ናቸው።

ከታካሚው ይልቅ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚገኙት በሌላኛው ወገን ነው። በአሜሪካ በመጦሪያ ቤቶችና በቤት ለቤት እንክብካቤ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በቤይሩት ደግሞ በቤት ሠራተኝነት፣ የሌላ ሰው እናትና አባት ብሩሽ በእነሱ እጅ ነው።

ሐኪሙ አልጋ ድረስ ሲመጣ

ከአልጋ ለማይነሱ ሰዎች የክሊኒክ ወንበርና መቦርቦሪያ የግድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረው ዘዴ የተበላውን ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ፣ ፍሎራይድ በሚለቅና ጥርስ ላይ በሚጣበቅ ሲሚንቶ ይሞላል። መብራትም ብዙውን ጊዜ ማደንዘዣም አይፈልግም። መጀመሪያ ሐኪም ለማይደርስባቸው መንደሮች ታስቦ ነበር፤ የመጦሪያ ቤት አልጋም እንደ ሩቅ መንደር ሆኖ ተገኘ።

ከዚህም የቀለለው ብርና ፍሎራይድ የያዘ ፈሳሽ ጠብታ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የተበላው ሥር ደርቆ ሲቀባበት ብዙውን ጊዜ መበላቱን ያቆማል። ዋጋው ቀለሙ ነው፤ የተቀባው ቦታ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ለፊት ጥርስ ሰውየውንና ቤተሰቡን ሳያማክሩ አይቀባም። የጥርሳቸው ሥር በፍጥነት ለሚበላባቸው ሰዎች ደግሞ ሐኪም ከተለመደው ሳሙና ሦስት እጥፍ በላይ ፍሎራይድ ያለው፣ በአንድ ሚሊዮን 5000 እጅ የያዘ ሳሙና ሊያዝ ይችላል።

ፊት ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲኖር ወይም አፍ አልከፈት ሲል አልጋው ላይ መጠበቅ አይገባም፤ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ጥርስ ከመነቀሉ በፊትም ሐኪሙ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉ ማየት አለበት። ደም የሚያቀጥኑት መድማቱን ያራዝማሉ፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡት አንዳንዶቹ ደግሞ የመንጋጋው አጥንት እንዳይድን ያደርጋሉ። በሽተኛው የመድኃኒቱን ስም ባያውቅ ክኒኖቹን ከነፓኮአቸው በፌስታል ይዞ መሄድ በቂ ነው።